የእሁዱን ፉል ስካን ይተዉት

ጥያቄ፦ «ቤት ውስጥ አንድ ላፕቶፕ አለን። ዊንዶውስ 11 ነው፤ የምንጠቀመውም አብሮት የመጣውን ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ ነው። በየእሁዱ ጠዋት ፉል ስካን አስጀምራለሁ። አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ እስኪጨርስ ኮምፒዩተሩ አይነካም። ብዙ ጊዜ ሲሰለቸኝ መሀል ላይ አቋርጠዋለሁ። ሌሊት በራሱ እንዲሠራ ቀጠሮ ሞልቼለት ነበር፣ ግን አንድም ቀን ሲሠራ አላየሁም። ይባስ ብሎ ልጆቹ የሚያመጡት ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ፍላሹን ሰክቼ ፉል ስካን ሳደርግ ‹ምንም አልተገኘም› ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ ሌላ አንቲቫይረስ ጨምርበት፣ ሁለት ከሆኑ አያመልጣቸውም እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ሁለተኛ አንቲቫይረስ አይጫኑ። የእሁዱን ፉል ስካንም ይተዉት። በምትኩ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስደውን ኩዊክ ስካን በየቀኑ፣ ኮምፒዩተሩ በርቶ በሚገኝበት ሰዓት ይቅጠሩለት። ፍላሽ ሲመጣ ደግሞ ፍላሹን ለብቻው ያስፈትሹ። መልሱ ይኸው ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ግን ሦስት አራት የተለያዩ ችግሮች ተጠላልፈው ስለገቡ አንድ በአንድ ልፍታቸው።

መጀመሪያ ስለ ስካን ያለዎት ግምት መስተካከል አለበት። ብዙ ሰው አንቲቫይረስ የሚሠራው ስካን ሲደረግ ብቻ ይመስለዋል። ስካን ካላደረገ ኮምፒዩተሩ ባዶ ሜዳ ላይ የተጣለ ያህል ይጨነቃል። እውነታው ሌላ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» የሚባለው ክፍል ነው። ፋይል ሲወርድ ያየዋል። ሲከፈት፣ ሲገለበጥ፣ ፕሮግራም ሲነሳም ያየዋል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ በሉት። ስካን ማለት ደግሞ ዘበኛው ሳያውቅ ያሳለፈው ነገር ይኖር እንደሆነ ግቢውን ዞሮ ማየት ነው። ዙሩ የሚያስፈልገው ትናንት ማንም የማያውቀው ቫይረስ ዛሬ ሊታወቅ ስለሚችል ነው። ማክሰኞ ሲገባ ንጹሕ የመሰለ ፋይል ሐሙስ በወጣው አፕዴት ሊጋለጥ ይችላል።

ስለዚህ ሪል ታይም ፕሮቴክሽኑ ከጠፋ በየእሁዱ ስካን ማድረግ ብዙም አይጠቅምዎትም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሩ ክፍት ነው ማለት ነውና። ከበራ ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት ማባከን አያስፈልግም። አሁኑኑ ይዩት። ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብለው ይፈልጉ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ይግቡ፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑ። ሪል ታይም ፕሮቴክሽን በርቶ መሆን አለበት። እዚያው ገጽ ላይ ያሉት «ክላውድ ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚባሉትም እንዲሁ። ታምፐር ፕሮቴክሽን ማለት ቫይረሱ ራሱ ገብቶ አንቲቫይረሱን እንዳያጠፋው የሚከለክል ቁልፍ ነው። እሱ ጠፍቶ ካገኙት ማን አጠፋው ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

አሁን ወደ ስካን ዓይነቶቹ። ኩዊክ ስካን ስሙ ያሳነሰው ይመስለኛል። ሰው «ፈጣን» ሲባል «ላይ ላዩን» ማለት ይመስለዋል። የሚያየው ግን ማልዌር (ቫይረስና መሰል ጎጂ ፕሮግራም) በእርግጥ የሚኖርባቸውን ቦታዎች ነው፤ በሚሞሪ ላይ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን፣ ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ፣ የዊንዶውስን ዋና ዋና ፎልደሮች። ቫይረስ ሊጎዳዎት ከፈለገ መነሳት አለበት። ኮምፒዩተሩ በበራ ቁጥር በራሱ ለመነሳት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ቦታዎች በአንዱ መመዝገብ አለበት። ፉል ስካን ከዚህ በተጨማሪ ሀርድ ዲስኩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል ያገላብጣል፤ የአምስት ዓመት ፎቶ፣ የወረዱ ፊልሞች፣ የታሸጉ ዚፕ ፋይሎች ሳይቀሩ። ማይክሮሶፍት ራሱ ለቀጠሮ ስካን የሚመክረው ኩዊክ ስካንን ነው። ሪል ታይሙ እስከበራ ድረስ ማለት ነው።

ኮምፒዩተሩ እሁድ እሁድ ለምን እንደሚሞትብዎትም ልንገርዎት። ዲፌንደር በቀጠሮ ስካን ሲያደርግ የፕሮሰሰሩን ጉልበት በአማካይ ከ50 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ ገደብ ግን ሲገዛ ጀምሮ ባለው አቀማመጥ የሚሠራው ለቀጠሮ ስካን ብቻ ነው። እርስዎ በእጅዎ «ስካን ናው» ብለው ሲያስጀምሩት ገደቡ የለም። ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ስለሚመስለው ያለውን ኃይል ሁሉ ይጠቀማል። በዚያ ላይ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ ሳይሆን የድሮውን የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ የያዘ ከሆነ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ማንበብ አለበት። ያን ጊዜ አራት አምስት ሰዓት መፍጀቱ አይገርምም። «ታስክ ማኔጀር»ን ቢከፍቱ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤግዚኪዩተብል» የሚል ስም ከላይ ተሰይሞ ያገኙታል። ቫይረስ አይደለም፤ ዲፌንደሩ ራሱ ነው። ይህን አይተው ደንግጠው «እንዴት ነው የማጠፋው» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መሀል ላይ ማቋረጥዎ ኮምፒዩተሩን አይጎዳም። ግን ያልደረሰበት ፋይል ያልታየ ፋይል ነው። ግማሽ ፉል ስካን ከአንድ የተጠናቀቀ ኩዊክ ስካን አይበልጥም።

የሌሊቱ ቀጠሮ ለምን አልሠራም? ላፕቶፕዎን ማታ እንዴት እንደሚያስቀምጡት አልነገሩኝም። ክዳኑን ዘግተውት ከሆነ ስሊፕ ላይ ነው። አጥፍተውት ከሆነ ጠፍቷል። ታስክ ስኬጁለር፣ ማለትም ቀጠሮ የሚያዝበት የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ የጠፋ ኮምፒዩተር ማብራት አይችልም። ስሊፕ ላይ ያለውን ማንቃት ይችላል፣ ግን እንዲያነቃ ካልተፈቀደለት አያነቃም። ከቻርጀር ከተነቀለም ብዙ የቀጠሮ ሥራዎች «ባትሪ ላይ ከሆነ አትጀምር» የሚል ምልክት ስላለባቸው ዝም ይላሉ። ያለፈ ቀጠሮ ደግሞ ልዩ ትእዛዝ ካልሰጡት አለፈ ነው። ጠዋት ሲበራ «ትናንት ያመለጠኝን ልሥራ» አይልም።

ሌላም ቀላል የምትመስል ግን ብዙ ሰው የምታሳስት ነገር አለች፤ ሰዓቱ። ታስክ ስኬጁለር የሚጠይቅዎት የኮምፒዩተሩን ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለትዎ ከሆነ መሙላት ያለብዎት 2፡00 ኤኤም ነው። 8፡00 ፒኤም ብለው ከሞሉ ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ምናልባትም ልጆቹ የቤት ሥራ እየሠሩበት ሳለ ይነሳል። የሞሉትን ተመልሰው ይዩት።

ላፕቶፑን ሌሊት በራሱ እንዲነቃ ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ቦርሳ ውስጥ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ተዘግቶ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነቅቶ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል። የሌሊት ስካን ከሚያልሙ፣ ኮምፒዩተሩ በርቶ ግን ማንም ብዙ የማይሠራበትን ሰዓት ይምረጡ። ምሳ ሰዓት ጥሩ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ካሉ ኮምፒዩተሩ ላይ 1፡00 ፒኤም ይሞላሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስታርት ላይ «ታስክ ስኬጁለር» ብለው ፈልገው ይክፈቱ። በግራ በኩል «ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪ» የሚል አለ። እሱን ሲዘረጉት «ማይክሮሶፍት»፣ ከሥሩ «ዊንዶውስ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ዊንዶውስ ዲፌንደር» የሚል ፎልደር ያገኛሉ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ወደ ታች ይውረዱ። ውስጡ አራት ሥራዎች ተደርድረዋል። እርስዎ የሚፈልጉት «ዊንዶውስ ዲፌንደር ስኬጁልድ ስካን» የሚለውን ነው። ሌሎቹን አይንኩ። ሁለቴ ሲጫኑት ከላይ ትሮች ያሉት መስኮት ይከፈታል። «ትሪገርስ» የሚለው ውስጥ ይግቡና «ኒው» ይበሉ። «ኦን ኤ ስኬጁል» የሚለው እንደተመረጠ ሆኖ «ዴይሊ»ን መርጠው ሰዓቱን ሞልተው ኦኬ ይበሉ።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚያቆመው። ቀጠሮው የማይሠራውም በዚሁ ነው። ሁለት ትሮች ይቀራሉ። «ኮንዲሽንስ» ውስጥ ስለ ባትሪ የሚያወራ ሳጥን አለ። ላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቻርጀር የሚሠራ ከሆነ ምልክቱን ያንሱት፤ ኩዊክ ስካን ባትሪ ያን ያህል አይጨርስም። ሁልጊዜ የሚሰካ ከሆነ እንዳለ ይተዉት። ከዚያ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው ሥራው ቀጠሮው ካለፈበት በተቻለ ፍጥነት እንዲነሳ የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። «...አፍተር ኤ ስኬጁልድ ስታርት ኢዝ ሚስድ» ብሎ የሚያልቀው ነው። የዚህ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከነበረ ማታ ሲበራ ያመለጠውን ይሠራል። ይህ ሥራ ምንም ካልቀየሩበት የሚያደርገው ኩዊክ ስካን ነው፤ ስለዚህ ዓይነቱን ለመምረጥ መጨነቅ የለብዎትም።

ሌላ ኩባንያ የሠራውን አንቲቫይረስ የሚጠቀም ሰው በታስክ ስኬጁለር በኩል መድከም አይጠበቅበትም። ቀጠሮው ፕሮግራሙ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ነው ያለው። የሚፈልጋቸው ነገሮች ግን ያው ናቸው፤ ሰዓቱ፣ ባትሪው፣ ያመለጠው ቀጠሮ።

አሁን ወደ ፍላሹ። ከጥያቄዎ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው።

ፍላሹን ሰክተው ፉል ስካን ሲያደርጉ «ምንም አልተገኘም» ያለዎት ፍላሹ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። አላየውም። የዲፌንደር ፉል ስካን ካልተነገረው በስተቀር ተነቃይ ዲስኮችን ይዘላል። «ፉል» የሚለው ስም የኮምፒዩተሩን ቋሚ ዲስክ ነው የሚመለከተው። ፍላሽ ለመፈተሽ «ዚስ ፒሲ»ን ከፍተው ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ ያድርጉ። «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የሚለውን ይምረጡ። ካላዩት «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ አለ። በቃ። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ከሆነ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ምን እንደሚሠራ ካወቁ ደግሞ ለምን እንደሚመላለስ ይገባዎታል። ፋይሎችዎን አያጠፋም። ፎልደሮቹን ይደብቃቸዋል፤ በየስማቸው ሾርትከት ይሠራላቸዋል። ሾርትከቱን ሲጫኑት ሁለት ነገር ይሆናል። መጀመሪያ ፍላሹ ላይ የተደበቀ ትንሽ ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ይነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል። እርስዎ የሚያዩት ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ ምንም አይጠረጥሩም። ስክሪፕቱ ግን ራሱን ኮምፒዩተሩ ላይ ገልብጦ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሳ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ፍላሹን ብቻ ካጸዱ ኮምፒዩተሩ መልሶ ያስይዘዋል። ኮምፒዩተሩን ብቻ ካጸዱ ፍላሹ። ፍላሹ የሚሰካበት ሌላ ኮምፒዩተርም ካለ ሦስተኛ ምንጭ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ፍላሾቹን ሁሉ ይንቀሉ። ዲፌንደሩን አፕዴት ያድርጉ፤ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚል አለ። ከዚያ የከፈቱትን ሥራ ሁሉ ሴቭ አድርገው ዘግተው «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ የመጨረሻውን፣ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ያስጀምሩ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ዊንዶውስ ሳይከፈት ስካኑ ይሠራል፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የዚህ ስካን ጥቅሙ ቫይረሱ ተኝቶ ሳለ መያዙ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ማልዌር ራሱን መደበቅና መከላከል ይችላል። ዊንዶውስ ካልተነሳ ግን እሱም አልተነሳም። ስካኑ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ እንደገና በራሱ ይነሳል። ውጤቱን «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ ያገኙታል።

ኮምፒዩተሩ ከጸዳ በኋላ አንዱን ፍላሽ ይሰኩ። ምንም ሳይከፍቱ በራይት ክሊክ ስካን ያድርጉት። ሾርትከቶቹ ይጠፋሉ፣ ፍላሹም ባዶ መስሎ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፋይሌን አጠፋው!» ብሎ ይጮኻል። አልጠፋም፤ እንደተደበቀ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ሂድን አይተምስ» ይበሉ። አሁንም ካልታየ ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል አስመስሏቸዋል፤ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ለጊዜው ያንሱ። የሚያውቋቸውን ሰነዶችና ፎቶዎች ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልብጡ። የማያውቁትን ስክሪፕት አይንኩ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፤ ያነሱትን ምልክትም ይመልሱ። ሌሎቹ ፍላሾች ላይም እንዲሁ፣ አንድ በአንድ። «የሾርትከት ቫይረስ ማጥፊያ» ተብሎ በየቦታው የሚታደለውን ትንሽ ፕሮግራም አውርደው አይጠቀሙ። መድኃኒት ነኝ ከሚል በሽታ ይጠንቀቁ።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ግን ቀረ። እንዲህ ያለው ቫይረስ አዲስ አይደለም። ሪል ታይም ፕሮቴክሽን በርቶ ከነበረ ስክሪፕቱ ሲነሳ መያዝ ነበረበት። እንዴት አለፈ? ከልምዴ፣ የመጀመሪያው የምከፍተው ቦታ «ኤክስክሉዥንስ» ነው። ያው «ማኔጅ ሴቲንግስ» ገጽ ግርጌ ላይ አለ። እዚያ የተጻፈ ፎልደር ሁሉ በአንቲቫይረሱ አይታይም። አንድ ጊዜ የአንድ ዘመዴን ኮምፒዩተር ሳየው ሲ ድራይቭ በሙሉ እዚያ ተጽፎ አገኘሁት። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ጌም የጫነለት ልጅ ነበር የጻፈው። «አንቲቫይረስ ካላጠፋህ ክራኩ አይሠራም» የሚል መመሪያ አብሮ መጥቶለት ነው። አንቲቫይረሱ በየቀኑ ስካን እያደረገ፣ በየቀኑ «ንጹሕ ነው» ይል ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ እንዲያይ ከተፈቀደለት ውስጥ ምንም አላገኘም። እርስዎም ከፍተው ይዩት። ባዶ ካልሆነና ለምን እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ያጥፉት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ፣ ፉል ስካን ያድርጉ። ለልጆቹም የየራሳቸውን አካውንት ይክፈቱላቸው፤ «ስታንዳርድ» እንጂ «አድሚኒስትሬተር» አይሁን። ያኔ ያለ እርስዎ ፓስዎርድ ይህን ገጽ መቀየር አይችሉም።

ወደ ጓደኛዎ ምክር ልመለስ። ሁለት ዘበኛ ይሻላል የሚለው አባባል ለግቢ ይሠራ ይሆናል። ሁለት አንቲቫይረሶች ግን እያንዳንዱን ፋይል ለመክፈት ይሻማሉ። አንዱ ያሰረውን ሌላው ሊያየው ይፈልጋል፤ ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ለዚህም ነው ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ብዙውን ጊዜ ራሱን ከሪል ታይም ሥራ የሚያወጣው። ስለዚህ ጓደኛዎ እንዳሰቡት ሁለት አይሆንልዎትም፤ አንዱ ወጥቶ ሌላ ይተካል። ሌላ ሰው እንዲያይልዎት ከፈለጉ ማይክሮሶፍት «ሴፍቲ ስካነር» የሚባል የማይጫን ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል። አውርደው ያሠሩታል፣ ያያል፣ ያበቃል። ከወረደ 10 ቀን ካለፈው አይሠራም፤ በፈለጉ ቁጥር አዲሱን ማውረድ ነው። ሌላ አንቲቫይረስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ፔሪዮዲክ ስካኒንግ» የሚለውን ቢያበራ ዲፌንደር አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ብሎ ያይለታል፤ አይጋጩም።

ፉል ስካን ጭራሽ አይጠቅምም አላልኩም። የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ኮምፒዩተሩን ከሌላ ሰው ገዝተው ሲረከቡ። ሪል ታይሙ ለተወሰነ ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር ሲያውቁ። ከአሮጌ ሀርድ ዲስክ ብዙ ፋይል ሲገለብጡ። ኩዊክ ስካን ወይም ሪል ታይሙ አንድ ነገር ሲይዝ። ያኔ ቻርጀሩን ሰክተው፣ ስሊፕ እንዳያደርግ አድርገው፣ እስኪጨርስ ይተዉት።

ስካኑ አንድ ነገር ካገኘ አይደንግጡ፣ አይቸኩሉ። ዲፌንደር የያዘውን «ኳራንቲን» ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ ሆኖ መነሳት አይችልም፤ ሳይቸኩሉ ማሰብ ይችላሉ። የፋይሉን ስምና የነበረበትን ቦታ ያንብቡ። የማያውቁት ከሆነ «ሪሙቭ»። የሚያውቁትና የሚያምኑት ፕሮግራም ከሆነ፣ አንቲቫይረስም ይሳሳታልና፣ «ቫይረስቶታል» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቢጭኑት በብዙ አንቲቫይረሶች ታይቶ ውጤቱ ይመጣልዎታል። ግን የግል ሰነድ እዚያ አይጫኑ፤ የሚጫነው ፋይል ለሌሎች የደኅንነት ባለሙያዎችም ይደርሳል። «አላው»ን ዝም ብሎ መጫን ግን ዘበኛውን ራሱን ማሰር ነው።

ይህን ሁሉ ቢያደርጉም ስካን የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። በፓስዎርድ የተቆለፈ ዚፕ ውስጥ ምን እንዳለ አያይም። ቫይረስ ላኪዎች ፓስዎርዱን ኢሜይሉ ላይ ጽፈው ዚፑን የሚያያይዙት ለዚህ ነው። የባንክ ገጽ በሚመስል የውሸት ገጽ ላይ ፓስዎርድዎን ቢጽፉ ስካን አያድንዎትም፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የገባ ነገር የለምና። ፋይሎችዎን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። የነገው ምሳ ሰዓት ስካን ቢደርስበት እንኳ ቫይረሱን ያወጣል እንጂ ፋይሉን አይከፍትም። የቤተሰብ ፎቶ በሌላ፣ ሁልጊዜ በማይሰካ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑረው።

ብሮውዘር ላይ ድንገት ወጥቶ «ኮምፒዩተርዎ 5 ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ስካን ያድርጉ» የሚለው ማስታወቂያ ስካን አይደለም። አንድ ድረ ገጽ የኮምፒዩተርዎን ፋይሎች ገብቶ ማየት አይችልም። ገጹን ይዝጉት፤ አልዘጋ ካለ ብሮውዘሩን በታስክ ማኔጀር ይዝጉ። ስልክ ቁጥር ከሰጠዎት አይደውሉ። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍተው «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥም የሚያገኙት ነው።

እርስዎ ዊንዶውስ 11 ላይ ስለሆኑ ይህ አይመለከትዎትም፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ አንባቢ ግን ይወቀው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለዲፌንደር የቫይረስ መለያ አፕዴቶችን እስከ ኦክቶበር 2028 እልካለሁ ብሏል። ስካኑ ይሠራል ማለት ነው። የዊንዶውሱ ራሱ ክፍተቶች ግን ለተራዘመው ድጋፍ ካልተመዘገበ በስተቀር አይደፈኑም።

ቀጠሮውን ከሞሉ በኋላ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው ዘበኛው መንቃቱን ነው። «አይካር» የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። 68 ፊደላት ያሉት ተራ ጽሑፍ ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም። አንቲቫይረሶች ግን ልክ እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተስማምተውበታል። ከአይካር ድርጅት ድረ ገጽ ለማውረድ ሲሞክሩ ዲፌንደር ወይም ብሮውዘሩ ወዲያው መጮኽ አለበት። ዝም ካለ ሪል ታይሙን እንደገና ይመልከቱ። ሁለተኛው ቀጠሮው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ታስክ ስኬጁለርን ይክፈቱና ያው ሥራ ፊት ለፊት «ላስት ረን ታይም» የሚለውን ያንብቡ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥም «ላስት ስካን» የሚል መስመር አለ። ቀኑን፣ በቅንፍ ኩዊክ ስካን መሆኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀና ስንት ፋይል እንዳየ ይነግርዎታል። የትናንት ቀን ካለበት ቀጠሮው ይዟል። የሁለት ሳምንት ቀን ካለበት ወደ «ኮንዲሽንስ» ተመልሰው የባትሪውን ሳጥን ይዩት፤ እዚያ ነው የሚሆነው።